ለድሬዳዋና ሐረር ምልልስ ያገለገለች ትንሽ ክሮስኦቨር፦ ብልሽቷና ዓመታዊ ወጪዋ

ጠያቂ፦ የሳቢያን ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁም። ነዋሪነቴ ድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን የምሠራው ሐረር ነው፤ በሳምንት አራት ቀን በሚኒባስ ስመላለስ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አልፎ አልፎም ወላጆቼን ለማየት ወደ ጨለንቆ ስለምንሄድ፣ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ያጠራቀምነውን ገንዘብ መኪና ልንገዛበት ወስነናል። ከመሬት ከፍ ያለች፣ ነገር ግን እንደ ትልልቆቹ የመስክ መኪኖች ነዳጅ የማትፈጅ ትንሽ ክሮስኦቨር ብትሆን እንመርጣለን።

እስካሁን ሁለት መኪኖች ቀርበውልናል። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራች፣ ባለ 2.4 ሊትር ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ቶዮታ ራቭ 4 ስትሆን፣ ሁለተኛዋ እ.ኤ.አ. የ2009 ኒሳን ቃሽቃይ ናት፤ የእርሷ ካምቢዮ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት እንደሆነ ተነግሮናል። ደላላው ስለ ሁለቱም «ከነዳጅ በቀር ምንም አይጠይቋችሁም» ብሎናል፤ ይህን የመሰለ ቃል ግን ፍሪጅ ስንገዛም ሰምተናል።

እነዚህ መኪኖች በእኛ ሙቀትና በደንገጎ ዳገት ላይ ምናቸው ቶሎ እንደሚበላሽ፣ አንድ ቤተሰብም በዓመት ምን ያህል ወጪ ማሰብ እንዳለበት ብትነግሩኝ ውለታ ነው። የመኪና ዕውቀት ስለሌለኝ የባለሙያ ቃላቱን ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የለገሃሬ መካኒክ

እህቴ፣ የትኛዋ ትሻላለች ከማለታችን በፊት መንገዱን እንይ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ያለ አንዳች ችግር የኖረች መኪና እዚህ በመጣች በመጀመሪያው ግንቦት ውኃ ስታፈላ ደጋግሜ አይቻለሁና። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደንገጎን ወጥተሽ ሐረማያ ስትደርሺ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጊያለሽ። ሞተሩ በዚያች አጭር ርቀት መኪናዋን ከነተሳፋሪዎቿ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይሸከማታል ማለት ነው። ያውም ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር በ2,000 ሜትር ላይ በባሕር ዳርቻ ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። በዚህ ምክንያት ሾፌሩ ነዳጁን አጥብቆ ይረግጣል፤ ካምቢዮው በዝቅተኛ ማርሽ ላይ ይቆያል፤ ፍጥነቱም አነስተኛ በመሆኑ ራዲያተሩን የሚያገኘው ነፋስ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው የማቀዝቀዣው ክፍል ነው። የራዲያተር ክዳን ተራ ክዳን አይደለም፤ በውስጥ ያለውን ግፊት ይዞ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው እርሱ ነው። በሐረር ከፍታ፣ ማለትም በ1,885 ሜትር ገደማ ላይ፣ በክፍት ድስት የተጣደ ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት፣ ማለትም ውኃው ወደ ራዲያተር እንዲያልፍ በር የሚከፍተው ዕቃ፣ መከፈት የሚጀምረው ደግሞ በ82 ዲግሪ ገደማ ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ በጤናማ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ወደ ዐሥራ ሁለት ዲግሪ ብቻ ይሆናል፤ ደንገጎ ላይ ይህችን ለመጨረስ ጥቂት መታጠፊያዎች ይበቃሉ። ብዙ ሰው ግን መኪናው ሲያፈላ የውኃ ፓምፓውንና ራዲያተሩን ያስለውጥና ያችን ርካሽ ክዳን ሳይነካ ይመለሳል።

ሌላው የውኃው ነገር ነው። የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያችንን ውስጡን ነጭ እንደሚያለብሰው ሁሉ፣ የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቱቦዎች እንዲሁ ይደፍናቸዋል። በቧንቧ ውኃ ለዓመታት የተሞላ ራዲያተር ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ግማሹ ዝግ ነው። ክዳኑን ከፍተሽ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ!) ውስጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ ፈሳሽ ከሆነ መልካም ነው፤ የሸክላ ቀለም ያለው የዛገ ውኃ ወይም ነጭ ቅርፊት ካየሽ መኪናዋን ቢመርቁልሽም አትውሰጂ።

አሁን ወደ ራቭ 4 እንምጣ። በዚያ ዘመን የገጠሙላት ባለ 2.4 ሊትር ሞተር፣ መለያው 2ኤዜድ-ኤፍኢ የሆነው፣ በጥቅሉ ጎበዝ ሞተር ነው፤ የሚሠራውም በካቴና (በብረት ሰንሰለት) እንጂ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ስላልሆነ በየተወሰነ ኪሎሜትር ቺንጋ የማስለወጥ ወጪ የለበትም። ነገር ግን የታወቁ ሁለት ድክመቶች አሉበት። አንደኛው ዘይት መብላት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 በተሠሩት ላይ ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ የሚጠርጉት የፒስተን ቀለበቶች በጥላሸት እየተደፈኑ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል። አምራቹ አሜሪካ ውስጥ በ1,200 ማይል (1,930 ኪሎሜትር ገደማ) አንድ ኳርት፣ ማለትም ሊትር ጥቂት ፈሪ፣ የበሉትን ሞተሮች ፒስተንና ቀለበት በነጻ የሚለውጥበት የተራዘመ ዋስትና ሰጥቶ ነበር። ያ ዋስትና ጊዜው አልፏል፤ ድሮም እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር። ሁለተኛው፣ በተለይ በቀደሙት ዓመታት ምርት ላይ የታየው፣ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከሞተሩ አካል ጋር የሚያስሩት የኋለኞቹ ቡሎኖች የገቡበት ጥርስ መላላቱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውኃ ማፍሰስና ማፍላት ይከተላል። ሁለቱም ድክመቶች ሞተሩ በተጋለ ቁጥር ይብሳሉ። ለዚህም ነው ስለ ክዳኑና ስለ ውኃው ያን ያህል ያወራሁት።

ዘይት መብላቷን ለማወቅ ጭሱን ብቻ አትመኚ። ሻጩ ዘይቱን ሞልቶ ያቀርብልሻል፤ ጭሱም የሚታየው ሞተሩ ገና ሲነሣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ወርደሽ እንደገና ነዳጅ ስትረግጪ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አይተሽ፣ ሐረር ደርሰሽ ተመልሰሽ፣ መኪናዋ ለጥ ባለ መሬት ላይ ጥቂት ከቆመች በኋላ ደግመሽ እዪ። በ100 ኪሎሜትር ዘንጉ ላይ የሚለይ ጉድለት ካለ ሞተሩ መውረድ የሚፈልግ ነው።

የራቭ 4 የኋላ እግርም ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩት በ2012 አሜሪካ ውስጥ ለእርማት ተጠርተው ነበር፤ ምክንያቱም አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከል) ሲሠራ የኋላው ክንድ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ብረት፣ ማስተካከያው በሚገባ ካልጠበቀ ጥርሱ ይላላል፣ ይዝጋል፣ ክንዱም ሊለያይ ይችላል። ከሥር ገብቶ በባትሪ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቃሽቃይን በተመለከተ፣ ችግሩ ያለው ካምቢዮው ላይ ነው። ሲቪቲ የሚባለው እንደሌላው ካምቢዮ የተቆጠሩ ማርሾች የሉትም፤ አንድ የብረት ቀበቶ በሁለት ሾጣጣ መዘውሮች ላይ ይዞራል፤ መዘውሮቹ እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ይቀይራሉ። ቀበቶው መዘውሩን የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ በሙቀት ሲቀጥን ይንሸራተታል፣ ብረት ከብረት ይፋቃል፣ ፍቅፋቂውም መልሶ ቫልቮቹን ይዘጋል። ኒሳን አሜሪካ ውስጥ የቃሽቃይ ዘመድ የሆነችውን ሮግን ጨምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 2010 የተሠሩ የሲቪቲ መኪኖቹን የካምቢዮ ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል ማራዘሙ የሚነግርሽ ነገር አለ። ለጥ ባለ ከተማ የምትኖሪ ብትሆኚ አልከለክልሽም ነበር። በሳምንት አራት ጊዜ ደንገጎን ለሚወጣ ሰው ግን፣ ዘይቱ በጊዜው መለወጡ በማስረጃ ያልተረጋገጠ ሲቪቲ አልመክርም።

መልስ፦ ከሸዋ በር፣ ሐረር

ባለሙያው ስለ መውጣቱ ጥሩ አድርገው ጽፈዋል፤ እኔ ስለ መውረዱና ስለ ደብተሬ ልጨምር። የመጀመሪያዋን መኪናዬን ከገዛሁ ጀምሮ ያወጣሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ባለቤቴ «ከልጆቹ ይልቅ የመኪናዋን የልደት ቀን ታውቃለህ» ትለኛለች።

እህቴ፣ እርስዎ የጠየቁት በብር ነው፤ እኔ ግን በብር ብመልስልዎ ከጥቂት ወራት በኋላ መልሱ ውሸት ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በደብተሬ ላይ ያሉት የአሞርዛተርና የባትሪ ዋጋዎች ከዚያ በፊት ካሉት ጋር አይነጻጸሩም፤ የነዳጅ ዋጋም በየጊዜው ይከለሳል። ስለዚህ በሊትርና በቁጥር ልንገርዎ፤ ዋጋውን በገዙበት ቀን ያባዙት።

ከድሬዳዋ ሐረር ደርሶ መልስ 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በሳምንት አራት ቀን ቢመላለሱ፣ ዕረፍትና በዓል ቀንሰን በ48 ሳምንት 19,200 ኪሎሜትር ይሆናል፤ የከተማውንና የጨለንቆውን ስንጨምርበት 22,000 እንበል። ባለ 2.4 ሊትሯ ባለ አራት ጎማ ጉተት ራቭ 4 በ100 ኪሎሜትር 11 ሊትር ያህል ትፈጃለች፤ ይህ በዓመት 2,420 ሊትር ቤንዚን ማለት ነው። ዳገቱ ብዙ ቢያስጠጣም ቁልቁለቱ በከፊል ይክሰዋል፤ ሆኖም ኤርኮንዲሽነሩን በድሬ ሙቀት ዘግቶ የሚነዳ ስለሌለ ከዚህ በታች አያስቡ። የነዳጅ ማደያ ሰልፍ የሚወስደውን ጊዜ በደብተሬ አላሰፍርም፤ ባሰፍር ኖሮ ከዘይቱ ሳይበልጥ አይቀርም።

የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎሜትር ከለወጡ በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ ከ4 ሊትር ጥቂት ከፍ ስለሚል በዓመት 20 ሊትር ገደማ ይያዙ። የአየር ፊልትሮን ሐረር ብቻ ብኖር ኖሮ እረሳው ነበር፤ ደቻቱ አጠገብ በደረቅ ወራት መኪና ያቆመ ሰው ግን አሸዋው የት የት እንደሚገባ ያውቃል፤ እኔ በየሰርቪሱ አስነፋዋለሁ፣ በየሁለተኛው እለውጠዋለሁ። ባትሪ በቆላው ሙቀት ከሁለት ተኩል ዓመት አልፎልኝ አያውቅም። አራት ጎማ በሁለት ዓመት ያልቃል። ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ አሮጌ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ ሲፈነዳ አያስጠነቅቅም። ባለ አራት ጎማ ጉተት መኪና ከሆነች ደግሞ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቁ ጎማዎች አይቀላቅሉ፤ የዙሪያቸው ልክ ሲለያይ የኋላውን ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን) የሚያገናኘው ክፍል ያለ ዕረፍት ይሠራና ይግላል።

ቁልቁለቱን ልመለስበት። አንድ ቀን ከልጄ የፊዚክስ ደብተር ላይ አስልተነው ነበር፦ 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና 800 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት፣ በነፋስና በጎማ ግጭት የሚጠፋው ሳይቆጠር፣ 40 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ያሞቃል። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የሚይዝ ሰው ሙቀቱን በአራት ጎማዎቹ ውስጥ ነው የሚያፈላው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ባረጀ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ የዶት 3 ደረጃ ያለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲስብ ግን መለኪያው 140 ዲግሪ ነው። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። በመስመሩ ውስጥ ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይገባል። እኔ ዶት 4 አስሞልቼ በየሁለት ዓመቱ አስለውጠዋለሁ፤ ከደንገጎ ሲወርዱም የወጡበትን ማርሽ ይዘው ይውረዱ። አውቶማቲክም ቢሆን ከዲ አውጥቶ ወደ 3 ወይም ወደ 2 ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከአወዳይ ጫት የጫኑ መኪኖች ከኋላ እየመጡ ጡሩምባ ቢነፉብዎ ጥግ ይዘው ያሳልፏቸው፤ ቸኩለዋል፣ እርስዎ ግን አልቸኮሉም።

በደብተሬ ላይ በቀይ የተጻፈው አንድ ወጪ ግን ከሰው ስሕተት የመጣ ነው። የአሁኗ መኪናዬ ባለ ሲቪቲ ናት። የምትፈልገው የራሷ የሆነ ዘይት ሆኖ ሳለ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ «ሁሉም የአውቶማቲክ ዘይት አንድ ነው» ብሎ ተራውን ቀይ ዘይት ሞላላት። በስድስት ሳምንት ውስጥ ዳገት ላይ እየጮኸች ጉልበት ማጣት ጀመረች። ዘይቱ ታጥቦ ቢለወጥም አልዳነችም፤ ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ አንድ ወር ቆመች፣ ዕቃውና ሥራው ተደምሮም የዚያን ዓመት ነዳጅ አከለ። ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ራሴ ገዝቼ፣ ጣሳው ሲከፈት ቆሜ አያለሁ።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎም እንዲሁ። እነዚህ ትንንሾች ናቸው። ሙሉ መድን ግን ያስቡበት፤ መኪናዋ ዋጋዋ ከፍ ባለ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል፤ ያም ሆኖ በዚያ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ተገቢ ይመስለኛል።

መልስ፦ የከዚራ ጥላ

አቦ፣ ሁላችሁም ስለ ዘይት ብቻ ታወራላችሁ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ ያረጁ የቤንዚን መኪኖች ከጥራታቸው በላይ እየተሸጡ ነው። እኔ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ ክሮስኦቨር ይዣለሁ፤ የሞተር ዘይት የላትም፣ ካንዴላ የላትም፣ ማርሚታ የላትም። ለደንገጎ ሽቅብ ብቻ የምታወጣው ተጨማሪ ጉልበት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስትወርድ ደግሞ ሞተሯ ራሱ ጄኔሬተር እየሆነ ከዚያ ብዙውን ይመልሳል፣ የፍሬን ሸራዋም እስካሁን አልተነካም። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም፦ ሐረር ላይ ባትሪውን እስከ 100 በመቶ ሞልቶ መውረድ ስሕተት ነው። የሚገባበት ቦታ ስለሌለ መኪናዋ ጉልበቱን መመለስ ታቆምና ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። 80 በመቶ ላይ ነቅሎ መውረድ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ግን እኔም እንደ እናንተ ሰልፈኛ ነኝ፤ ያውም የምሰለፍበት ማደያ የለኝም።

መልስ፦ የሳቢያን ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኤሌክትሪኳ ሐሳብ ደስ ቢለኝም የምንኖረው በኪራይ ግቢ ስለሆነ አከራያችን መስመር ማስገባቱን አልተቀበሉንም። ቃሽቃይዋን ትተናታል፤ ሻጩ ስለ ካምቢዮ ዘይቱ ብጠይቀው «ዕድሜ ልኳን አይለወጥም» አለኝ።

ራቭ 4ን ትናንት ከቀትር በኋላ አየናት። ስንደርስ ሞተሩ ተነሥቶ ቆይቶ ነበር፤ ክዳኑን ልንከፍት ስንል «ትኩስ ነው፣ ያቃጥላችኋል» አሉን፤ እውነታቸውን ነው። የዘይት ዘንጉ እስከ አፉ ሞልቷል። ሐረር ድረስ እንሂድ ስንል ግን ባለቤቱ ሳቢያንን አንድ ዙር ብቻ ፈቀዱ። ዛሬ ጠዋት ደውለው ዋጋ እንቀንሳለን ብለውናል። ጋሼ መካኒኩ፣ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የለገሃሬ መካኒክ

እህቴ፣ ስንት ቀነሱ ብዬ አልጠይቅሽም። ዋጋውን እንደያዙት ይያዙት፤ አንቺ ግን በሌላ ነገር ተደራደሪ፦ መኪናዋን ማታ አቁመው ሳይነኳት እንዲያሳድሩና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በባለቤቱ ቤት እንድንገናኝ ጠይቂያቸው። እኔ ክዳኑንና ዘንጉን አያለሁ፤ ከሥር ገብቼ የኋላውን ክንድ እፈትሻለሁ፤ ከዚያ ኤርኮንዲሽነሩን ከፍተን አራት ሰው ሆነን ሐረር እንወጣለን። ነዳጁን አንቺ ቅጂ፣ ቁርሱን እኔ እችላለሁ። እሺ ካሉ ደውይልኝ። እዚያ ስትደርሺም እኔን ሳትጠብቂ ኮፋኖው ላይ እጅሽን አሳርፊ፤ ከሞቀ ቁልፉን ሳትነኪ ወደ ቤትሽ ተመለሺ።